አልከደን ያለው ዓይኔና የልጄ ሽማግሌዎች

ሰው ሁሉ ዓይኑ እንዲገለጥለት ይጸልያል። ተሳስቷል! ተገልጦልኝ አይቼዋለሁና እመኑኝ... ትልቁ ጸጋ መክደን መቻል ነው።

የቀኝ ዓይኔ ቆብ የወደቀ ነበር። መምህር ነኝና ፈተና ላይ ስቆም ተማሪዎቼ "ጋሼ ተኝቷል" እያሉ እንደ ልባቸው ሲኮራረጁ ኖሩ። ባለቤቴ ፋጡማ "ተሠራውና ሰው ምሰል!" ብላ ስትነዘንዘኝ ከቆቦ ተነስቼ ትልቅ ከተማ ወረድኩና ተሠራሁ። ቆቡም ተነሳ... ተነስቶ ቀረ! እንቅልፍ ወስዶኝ እንኳ ያ ዓይን እንዳፈጠጠ ያድራል። አሁን ፈተና ላይ የምሬን እተኛለሁ፤ ኩረጃ ግን ጠፍቷል።

"ምን ይሻለኛል?" አልኩት ሐኪሙን።

"እብጠቱ እስኪረጋ ጥቂት ወራት ይጠብቁ። ቆቡን በጣትዎ ቀስ እያደረጉ ወደ ታች ያሹት። አልሆን ካለ እንደገና እንሠራዋለን" አለኝ ዘና ብሎ። እንዳይደርቅም ቅባት ሰጠኝ።

ቆቦ ስገባ ምክሩ በዛ። የባጃጅ ሹፌሩ "በፕላስተር ለጥፈው" ሲለኝ፣ ጎረቤቴ "ያኛውንም ተሠራውና ይመሳሰሉ!" አለኝ። እኔ መጠበቁን መረጥኩ።

ይኼኔ ነው የመጀመሪያ ልጄ ዘሀራ "አባዬ፣ እሁድ ከጎብዬ ሽማግሌ ይመጣል" ያለችኝ። ልጁን ትወደዋለች፤ እኔም አልጠላሁትም። "አደራህን፣ እንዳታፈጥባቸው!" ብላ ጥቁር መነጽር ሰጠችኝ።

መቼም የሽማግሌን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ጉዳዩ ካልሰመረ አይቀመጥም። የልጅቱ አባት ደግሞ ቶሎ እሺ ካለ ልጁን የጣለ ስለሚመስል ዝም ይላል። ስለዚህ ሽማግሌው መልሱን የሚያነበው ከአባትየው ፊት ላይ ነው... ከኔ ፊት ላይ!

እሁድ የሽማግሌዎቹ መሪ ሸህ እንድሪስ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ገቡ። "ዓይኑን ለሸፈነ ሰው ጉዳይ አናቀርብም" አሉ ገና ከበሩ። መነጽሩን አወለቅኩ። ሁሉም ቀኝ ዓይኔ ላይ አፈጠጡ።

"ግራ ዓይናቸው እሺ ብሏል" ብሎ አንዱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። "ቀኙ ግን ተቆጥቷል።"

"ኧረ አልተቆጣሁም! ሐኪም ነው እንዲህ ያረገኝ!"

"ቂም ነው" አሉ ሸህ እንድሪስ። "ቂም ሳይወርድ ልጅ አይጠየቅም። ያ ጀመዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ የበደላቸው ካለ አሁኑኑ ይናገር!"

የልጁ አጎት አያ ሙሄ ቀኝ ዓይኔን አየት አድርጎ ላቡ ችፍ አለ። "አፉ ይበሉኝ መምህር! ባለፈው መኸር ማሽላዎን የበላችው ግመል የኔ ናት!"

ወይ ጉድ! እኔ በዚያች ማሽላ ዓመት ሙሉ የተኳረፍኩት ዋጃ ከሚኖረው አማቼ ጋር ነው፤ የሱ ግመል መስላኝ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዓይኔማ እንደተከፈተ ነው።

"አሁንም አልበረደላቸውም" አለ ያ አንሾካሻኪ።

ሸህ እንድሪስ ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ወላሂ፣ ልጁ ጫት አይቅምም ብዬ አስነግሬ ነበር። ትንሽ... ትንሽ ይቅማል።"

"አውቃለሁ!" አለች ዘሀራ ከጓዳ።

ዓይኔ ይሄን ሁሉ ሰዓት ሳይከደን ቆይቶ ደርቋልና እንባው ዱብ ዱብ አለ። "አለቀሱ! አፉ አሉ!" ብለው ሽማግሌዎቹ በአንድ ጊዜ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። የተቀመጠን ሽማግሌ ማን ያስነሳል? ፋጡማ እልልታዋን ለቀቀችው። እውነቱን ልንገራችሁ? ግራ ዓይኔም አብሮ አልቅሷል። የመጀመሪያ ልጅ መዳር ሆድ ያባባል።

እንግዶቹ ሲሸኙ ፋጡማን "በቃ፣ ዳግመኛ ልሠራው ነው" አልኳት።

"ሞክራትና!" አለችኝ። "ገና የምንድራቸው ሁለት ሴቶች ይቀሩናል።"