ሁለቱ ሮቦቶችና የጎተራው አይጥ

የድሮ ዕቃ ነው ዕቃ ይባላል፤ እናንተም ሳትሉ አልቀራችሁም። አቃቂ ውስጥ ይህን የማይል ሽማግሌ ብትፈልጉ አታገኙም። የድሮ አካፋ፣ የድሮ ብርድ ልብስ፣ የድሮ ሚኒባስ። የድሮ ሰው የሚልም አለ፤ እሱን ስሰማ እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። ሰው ያረጀን ነገር ማመስገን የሚጀምረው ራሱ ሲያረጅ ነው። ባለፈው እሑድ ግን አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ሮቦት ጎን ለጎን አይቼ ይህ አባባል ከአፌ ጠፋ።

ሮቦት ያልኳችሁ የልጆች መጫወቻ ነው። ሲታጠፍ የጭነት መኪና፣ ሲዘረጋ ሰው ይሆናል። በዚህ ዕድሜው አንድ ገበሬ እዚህ ውስጥ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝ።

አሮጌው የልጄ የታደሰ ነበር። ከፊሉ ብረት ነው፤ ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው አጎቱ ከሳሪስ ገዝቶ አመጣለት። አንድ ቀን ወደ ሽንኩርቱ የሚገባውን ውሃ ጠብቅ፣ መደቡ ሲጠግብ ዝጋ ብዬው ሄድኩ። ስመለስ እሱ መኪናውን ሰው ያደርጋል፤ የሽንኩርት ችግኜ ወደ ወንዙ ጉዞ ጀምሯል። አልመታሁትም። ሮቦቱን ነጥቄ ወደ ወንዙ ወረድኩና እጄን እያራገፍኩ ተመለስኩ። "ጣልኩት" አልኩ። አለቀሰ። እኔ ብዙ ቃል የለኝም፤ ከአፌ የወጣውን ደግሞ አልመልስም። ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ሆነው።

አዲሱን ታደሰ ለልጁ ለሶስና ገዛላት። እሑድ ከምሳ በኋላ ይዛው መጣች።

እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አሮጌው አራት ቦታ ታጥፎ ያበቃል፤ ሰው ሲሆንም ተገትሮ የቀረ መኪና ይመስላል። ይኼኛው ስንት ቦታ እንደሚታጠፍ ስቆጥር ጠፋኝ። በሩ ክንድ፣ ጎማው ትከሻ ይሆናል፤ ፊቱ ሲከፈት ከውስጡ ጭንቅላት ብቅ ይላል። ጣቶቹማ! እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይታጠፋል። ሞፈርና ቀንበር ስፈታና ሳጋጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዱ እንጨት ትንሽ ቢሳሳት የበሬው ጫንቃ እንደሚቆስል አውቃለሁ። ይህን የሠራው ሰው ግን በመኪናው ውስጥ ሰውዬውን፣ በሰውዬው ውስጥ መኪናውን አስቀድሞ አይቷል። እጄን በአፌ ጫንኩ።

ወደ መኪናነቱ ሲመለስ ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ። ግማሹ ሰው፣ ግማሹ መኪና። ሶስና "ታመመብኝ!" ብላ እንባዋን አፈሰሰችው። ታደሰ ብረታ ብረት ቤት ነው የሚሠራው፤ አልታዘዝ ያለውን በጉልበት ያዝዛል። ጫን ሲለው ውስጡ ቀጭ አለ።

"ፒንሳ አምጡልኝ" አለ።

"ወገቡን መጀመሪያ አዙረው" አልኩ ሳላስበው።

"አባባ፣ እርስዎ ደግሞ መቼ ሮቦት ነክተው ያውቃሉ?" አለና ሳቀ። "አዎ ለካ፣ ወንዝ ሊጥሉት ነክተዋል።"

ፒንሳው መጣ። እስቲ አስቡት። ዝም ብል የልጅቷ ሮቦት ይሰበራል፤ ብነሣ የእኔ ቃል ይፈርሳል። በአፍ እንዳላስረዳ፣ አስተጣጠፉን እጄ እንጂ አፌ አያውቀውም። የሶስናን ፊት አየሁ። ያን ቀን የታደሰን ፊት ሳላይ ነበር ያለፍኩት።

ተነሥቼ ጓሮ ወደ ጎተራው ሄድኩ። መሬቱ ሲያንስ ጎተራውም ጎድሏል፤ ከጥግ በጨርቅ የተጠቀለለውን ግን ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ። አዎ፣ አልጣልኩትም። ወንዙ ዳር ቆሜ ልወረውር ስል፣ እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክረው አልኩ። አንድ ጊዜ አልበቃኝም።

አሮጌውን ታደሰ ፊት አስቀመጥኩት። "እየው" አልኩ። ወገቡን ወደ ኋላ አዞርኩ፣ እግሮቹን ገፋሁ፣ ጭንቅላቱን አስገባሁ፤ መኪና ሆነ። ከዚያ አዲሱን ተቀበልኩት። ለካ መልኩ ቢራቀቅም አጥንቱ ያው ነው። ወገቡ ሲዞር የቀረው ሁሉ መንገዱን አገኘ፤ ጣቶቹ እንኳ ተሰብስበው ገቡ። ሶስና አጨበጨበች።

ታደሰ ግን አዲሱን አላየም። አሮጌውን አንሥቶ ዘረጋው፣ አጠፈው። መገጣጠሚያው ሲጥ እንኳ አላለም።

"ይህን ሁሉ ዘመን ጎተራ ተቀምጦ እንዴት አልዛገም? ማነው ዘይት የቀባው?"

"አይጥ" አልኩ።

"የስፌት መኪናዬን ዘይት የሚጨርሰው አይጥ ዛሬ ተገኘ!" አለች ባለቤቴ አስካለ ከበሩ ላይ። ሶስና አይጡን ልታይ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ካላችሁኝ፣ ያለ ጥርጥር አዲሱ። ሊሄዱ ሲነሡ አሮጌውን ለታደሰ ሰጠሁት። ያንተ ነው ልለው ነበር፤ አልወጣልኝም። ተቀበለኝና አንድ ጊዜ ሰው አደረገው፣ አንድ ጊዜ መኪና። ከዚያ መልሶ መዳፌ ላይ አኖረው።

"እዚያው ይመልሱት አባባ፤ አይጡ ይከፋዋል" አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ጎተራ ስገባ፣ ከጨርቁ አጠገብ ያልተከፈተ የስፌት መኪና ዘይት ተቀምጦ አገኘሁ። አስካለን አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት አይጥ ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ።