እርግብ ያልተነሳችበት ቀን

ማታ ያየሁትን ሕልም ልንገራችሁማ፣ ግን አትሳቁብኝ። መጀመሪያ ሁለት ነገር ማወቅ አለባችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም።

አንደኛ፣ እማዬ እርግብ ላይ ንብረት ክፍል ናት። እርግብ ማለት ሐይቁን የምታሻግረን መርከብ ናት፤ ሰውም መኪናም ትጭናለች። መርከቧ ብትሰምጥ ሰው ለብሶ የሚንሳፈፍባቸው ስልሳ ላይፍ ጃኬቶች የወጡት በእማዬ ፊርማ ነው። አንድ ከጠፋ የምትጠየቀው እሷ ስለሆነች ከነፕላስቲካቸው ትልቅ የብረት ሳጥን ውስጥ ከታ ጓጉንቸር ታደርግባቸዋለች። ጠዋት መርከቧ ሳትነሳ ትከፍታለች፣ ማታ ትቆልፋለች። እስካሁን አንድም ሰው ለብሷቸው አያውቅም፣ ንጹሕ ናቸው።

ሁለተኛ፣ እማዬ አሁን የለችም። አዳማ ሄዳለች፣ ስለ መርከብ ደህንነት የሦስት ቀን ሥልጠና አለ ብለው ልከዋት። ስትሄድ ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና፣ "ኤልዱ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወደብ ወስደሽ ለጋሽ ልሳኑ ስጪ፣ ማታ ተቀብለሽ ነይ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ" አለችኝ። ጋሽ ልሳኑ ካፒቴኑ ነው። እኔም ፈተና ከጨረስኩ ወዲህ ሥራ የለኝ፣ እሺ አልኳት። ትናንት በሰዓቱ ሰጠሁት። ዛሬ ደግሞ አባዬ በቀዩ አይሱዙ ሽንኩርት ጭኖ የሚሻገርበት ቀን ነው። አባዬ ዋና አይችልም። ሐይቅ ዳር ተወልዶ አድጎ ውኃ የሚያውቀው በጆግ ብቻ ነው።

በቃ፣ አሁን ሕልሙ።

ወደብ ቆሜያለሁ። ረጅም ሰልፍ አለ፣ ግን የተሰለፉት መኪኖች ናቸው። ባጃጆቹ ይጋፋሉ። አንድ አሮጌ ሚኒባስ "ወረፋ አስይዤ ሻይ ልጠጣ ሄጄ ነው እኮ" እያለ ይጨቃጨቃል። የእኛ አይሱዙ ትኬቱን በመስታወት መጥረጊያው ይዞ፣ አባዬን በገመድ እየጎተተ መጣ። አባዬ ጭነት ሆኗል። ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ "ሰባ ሁለት ኪሎ። እንዳይገለበጥ።"

"አባዬ፣ ምን አድርገውህ ነው?"

"ዝም በይ" አለኝ በቀስታ፣ "ጭነት አያወራም።"

መኪኖቹ የመርከቧ ፎቅ ላይ ወጡ፣ ወንበር ወንበራቸውን ያዙ። እኛን ሰዎቹን ታች፣ መኪና በሚቆምበት ደረደሩን። እንዳንንሸራተት እግራችን ሥር ድንጋይ ሸጎጡ፣ ወገባችንን በሰንሰለት አሰሩ። አይሱዙው ከላይ አንገቱን አስግጎ፣ "የኔን ሰውዬ ጠበቅ አድርጉት፣ እንቅልፋም ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ አባዬ ሁልጊዜ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ነው የሚሻገረው።

ከዚያ ከውኃው ውስጥ አንድ አምባዛ ዓሣ ወጣ። ከረባት አስሯል፣ ጢሙ በሁለት በኩል ተንጠልጥሏል፣ ብብቱ ሥር የረጠበ ፋይል ይዟል። አምባዛ ብብት እንዳለው አላውቅም ነበር።

"ተቆጣጣሪ ነኝ" አለኝ።

"የት መሥሪያ ቤት ነው የሚሠሩት?"

"ከሐይቁ ሥር። የሚሰምጥ ነገር ሁሉ የሚያርፈው እኛ ቤት ጣራ ላይ ስለሆነ፣ ከመስመጡ በፊት እንድናየው ተወስኗል።" ፋይሉን ገለጠ። "አንድ ባጃጅ ልጆቼ መኝታ ላይ ወርዶ ይኸው ሁለት ዓመቱ። አሁን የቤት ዕቃ ሆኗል። ለኪራይ ልንሰጠው አስበናል።"

ጋሽ ልሳኑን ፈለግኩት። እውነተኛውን ጋሽ ልሳኑን የማታውቁት ከሆነ፣ "ግቡ ግቡ፣ አንድ ሰው አያሰምጠንም" እያለ መርከቧን እንደ ታክሲ የሚሞላ ሰውዬ ነው። የፊተኛውን በር፣ መኪና የሚገባበትን፣ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚዘጋው፤ ማዶ ስንደርስ መክፈቱ ጊዜ ይፈጃል ብሎ። በሕልሜ ግን በሩ ላይ ተንበርክኮ ጠርዙን በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል።

"ጋሽ ልሳኑ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"አንዲት የጤፍ ፍሬ አየሁ። እሷ እያለች ይህ በር አይገጥምም።"

ፍሬዋን በወረንጦ አነሳት፣ በሩን ግጥም አድርጎ ዘጋው፣ ተመልሶ ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው። ከዚያ መቁጠር ጀመረ። "ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ፣ ስልሳ አንድ" አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። "አንድ ሰው ይውረድ።"

ሁላችንም እጃችንን አወጣን። "እኔ ልውረድ"፣ "ኧረ እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት፣ መውረድ ለኔ ይገባል" እየተባለ ድብድብ ሊነሳ ደረሰ። ጋሽ ልሳኑ ካፑን አውልቆ ራሱ ወረደና ከመሬት ሆኖ ቆጠረን። ስልሳ።

ሁለተኛው ጥሩምባ ተነፋ። እዚህ እኛ አገር ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ነው የሚነፋው፣ በሦስተኛው ትነሳለች። በሕልሜ ግን አንደኛው "አንነሳም" ነው፣ ሁለተኛው "ነገርናችሁ እኮ፣ አንነሳም" ነው።

"አሁን" አለ ጋሽ ልሳኑ፣ "የጃኬቱ ቁልፍ።"

አንገቴን ዳበስኩ። ክሩ አለ። ቁልፉ የለም።

ፎቅ ላይ ያሉት መኪኖች በሙሉ ሞተራቸውን አጠፉ። ጉንጬ እንደ ምጣድ ጋለ። ጡት መያዣዬ ውስጥ፣ ጫማዬ ውስጥ፣ ጸጉሬ ውስጥ ፈለግኩ። አምባዛው ፋይሉን ከደነው።

"ጋሽዬ" አለ ሚኒባሱ፣ "ዝም ብለን እንሂድ። ስንት ዓመት ያለ ቁልፍ ሄደን የለ እንዴ?"

"ቁልፍ ከሌለ አንነሳም።"

"ገበያ ያመልጠኛል።"

"ይምለጥህ። ገበያ ነገም አለ።"

ይህንን ጋሽ ልሳኑ ሲለው ልታዩት ይገባ ነበር።

ከዚያ ከተማው በሙሉ ቁልፍ ፍለጋ ወጣ። ሱቆች ተዘጉ። ቀበሌው በማይክራፎን፣ "የኤልዳና ቁልፍ እስኪገኝ ማንም ሰው የትም እንዳይሄድ" እያለ ዞረ። ሰርግ ላይ የነበሩ ሙሽሮች ከነቬሏቸው መጥተው ሳር ውስጥ ተንበርክከው ፈለጉ። አምባዛውና ዘመዶቹ የሐይቁን ጠርዝ ያዙና ውኃውን እንደ ጋቢ አጥፈው ወደ አንድ ጎን አደረጉት። ከሥሩ ያ ባጃጅ ወጣ፣ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ስልኮች ወጡ፣ ነጠላ ጫማዎች ወጡ፣ አንድ ሙሉ የጭነት መኪና በሩ ተዘግቶ ወጣ። ወደ እሱ ማየት አልፈለግኩም። ቁልፉ ግን የለም።

ማልቀስ ጀመርኩ። አባዬ በሰንሰለት እንደታሰረ አንገቱን ዞር አደረገልኝ።

"ኤልዱ፣ አይዞሽ። አትቸኩዪ።"

"እኔ እኮ ነኝ የጣልኩት።"

"ታገኚዋለሽ። እስክታገኚው እንጠብቃለን። ያላንቺ ማን ይንቀሳቀሳል?"

ስልሳውም ሰው፣ መኪኖቹም፣ አምባዛውም ባንድ አፍ፣ "እንጠብቃለን" አሉ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሦስተኛው ጥሩምባ ተነፋ፣ ረጅም ሆኖ፣ "አንነሳምምም" እያለ።

ነቃሁ። ጥሩምባው አላቆመም።

ፀሐይ ግድግዳዬ ላይ ደርሳለች። ስልኬ አንድ ከሃያ አምስት ይላል። ቁልፉ ጉንጬ ሥር ነው፣ ክሩ እንዳለ፤ ጥርሱ ጉንጬ ላይ ታትሟል። በባዶ እግሬ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ከእኛ አጥር ሐይቁ ይታያል። እርግብ ከወደቡ ተነስታለች። የፊተኛው በር ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የተዘጋው። ቀዩ አይሱዙ ከሁሉም ፊት፣ በሩ አጠገብ ቆሟል።

ለአባዬ ደወልኩ። አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ።

"አቤት" አለ በእንቅልፍ ድምፅ።

"አባዬ፣ ጋሽ ልሳኑ ቁልፍ አልጠየቀም?"

"የምን ቁልፍ?"

"የጃኬቶቹ። የሳጥኑ።"

"ኧረ ማን ይጠይቃል። ዛሬ ሰው በዝቷል፣ ሳጥኑ ላይ አራት ሴቶች ተቀምጠዋል። ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

"ከመኪናው ውጣ። ውጣና ፎቅ ውጣ።"

"ፎቅ መቆሚያ የለም። እዚህ ተመችቶኛል፣ ልተኛበት።" ዘጋው።

ስልኬ ወዲያው ጢን አለ። እማዬ ናት፣ ከአዳማ ፎቶ ልካለች። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆማ፣ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት እስከ አገጯ ቆልፋ ትስቃለች። ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፦

"ቁልፉን ሰጠሽው አይደል?"