ትምህርት ያስቀነሱት ወይዘሮ

ገበያ ባለበት አገር ሁሉ፣ የተጠራላትን ዋጋ እንደ ስድብ የምትቆጥር አንዲት ሴት አትጠፋም። ለእኛ ለመካነ ሰላም ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ኡምኩልሱም ናቸው።

ቅዳሜ ገበያ ብቅ ሲሉ በርበሬ ሻጮች ፊታቸውን ያዞራሉ። «የመጨረሻውን ንገሪኝ» ይላሉ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። ሻጯ የመጨረሻውን ስትነግራቸው እሳቸው ዘንድ መጀመሪያው እሱ ነው። ከፍለው ሲያበቁ ምርቃት ይጠይቃሉ፤ ምርቃቱ ሲጨመር ደግሞ አነሰ ብለው በምርቃቱ ላይ አዲስ ክርክር ይከፍታሉ። አንድ ጊዜ ወደ ወግዲ ሲሄዱ ከሚኒባሱ ሾፌር ጋር በታሪፍ መሟገት ጀምረው፣ ወግዲ ሲደርሱ ሾፌሩ መንገዱ ስለመርዘሙ ይቅርታ ጠይቋቸዋል ይባላል። እኔ አምናለሁ።

እኔ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። ትምህርት በነጻ ስለሆነ ከእሳቸው የዳንኩ መስሎኝ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ግን ልጃቸውን ኸባብን ይዘው ቢሮዬ መጡ። ኸባብ ያኔ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ልጅ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ጫጫታ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል። ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ተሞክሮ ግንባሩን ከግድግዳ እያጋጨ ወጥቷል። የማውቀውን ደንብ ነገርኳቸው፦ ትምህርት ሙሉ ቀን ነው፤ ያልቻለ ቤቱ ይቀመጣል።

ወይዘሮ ኡምኩልሱም ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መምህር፣ ሙሉ ቀኑን ማን ጠየቀዎት? ይቀንሱልኝ እንጂ።»

ትምህርት ቀንሱልኝ ሲለኝ የኖረው ተማሪ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ከሙሉ ቀን ወደ ግማሽ ቀን፣ ከሳምንቱ ወደ ሁለት ጠዋት፣ ከታጨቀው ክፍል ወደ አምስት ልጅ እያወረዱኝ፣ ክርክሩ እስከ ከሰዓት ዘልቆ በማክሰኞና በሐሙስ ጠዋት ተስማማን። ክፍሉ አሮጌው መጋዘን፣ አስተማሪዋ ወጣቷ መምህርት እሌኒ ሆነች። ወይዘሮዋም ለምርቃት የቢሮዬን ምንጣፍ ይዘው ሄዱ።

የቀሩትን አራት ልጆች ከየቤቱ ያወጧቸውም እሳቸው ናቸው። እንደ ኸባብ ያሉ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ የከበደ ችግር ያለባቸው፣ በር ተዘግቶባቸው ያደጉ ልጆች ናቸው። ወላጆቹ «ሰው ምን ይለናል?» ሲሏቸው፣ «ሰው የሚለውን ለኔ ተዉት፣ አስቀንሰዋለሁ» አሏቸው።

ቀጥሎ ተራው የደወሉ ሆነ። ደወላችን በመዶሻ የሚመታ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በጮኸ ቁጥር ኸባብ ይርበደበዳል። ዘበኛችን ጋሽ ጀብሪል፣ ደወል የሚመታው እንዲሰማ ነው ብለው ተሟገቱ። ተሸነፉ። በሁለቱ ጠዋቶች መዶሻው ላይ ጨርቅ ይጠመጠማል፤ የዕረፍት ሰዓት መድረሱን የምናውቀውም ጋሽ ጀብሪል በየመስኮቱ እየዞሩ ሲነግሩን ነው።

ኸባብ መጀመሪያ ከበሩ አላለፈም። ሲቆይ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። እሌኒ በሥዕል ካርድ ታስተምረዋለች፤ ውሃ ሲያምረው የውሃውን፣ ሲሰለቸው የበሩን ሥዕል ያሳያታል። አሁን የበሩ ካርድ አቧራ ለብሷል። እናቱ ከውጭ መስኮቱ ስር ቆመው ሳቁን ያዳምጣሉ።

ባለፈው ሐሙስ እሌኒ ልጆቹን ጉሊት ይዛ ወጣች፤ ኸባብ ራሱ ሽንኩርት ሊገዛ ነው። ለእናቱ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀቻቸው፦ አፋቸውን እንዳይከፍቱ። እሳቸውም እኔ አጠገብ ቆመው በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

ኸባብ የሽንኩርቱን ካርድ በዛች ለምትባለው ሽንኩርት ሻጭ ዘረጋላት። በዛች ካርዱን አየች፤ ከኋላው የቆሙትን ሴትዮ አየች፤ ለክርክር ወገቧን ይዛ ዋጋውን ጠራች። ኸባብ የተባለውን ብር ሰጣት። እንዲሁ፣ ያለ አንዲት ቃል። ወይዘሮ ኡምኩልሱም ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ፤ ጥፍራቸው በኮቴ ውስጥ አልፎ ተሰማኝ። ድምፅ ግን አላወጡም። ኸባብ ሽንኩርቱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ወደ ማንም ሳያይ፣ «የኔ ነው» አለ። ከዚያ እየሳቀ ወደ እሌኒ ሄደ።

እናቱ የሰው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸውን በሻርፑ እየጠረጉ ይስቃሉ። በዛች ብዙ እንደጠራችባቸው እኔም ስላወቅሁ፣ «ተወደደ አይደል?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ርካሽ ነው» አሉኝ።

ለልጆቹ በሳምንት ሦስተኛ ጠዋት የሚጨምረው የወረዳው ፈቃድ ትናንት ደርሶኛል፤ እሌኒም ተስማምታለች። ነገ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ይህንኑ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። ወንበሩን ጠርጌ አስቀምጫለሁ። ሲጠይቁኝ ግን በፍጹም አይሆንም ብዬ ነው የምጀምረው፤ ቶሎ ከተስማማሁ እኮ ቶሎ ይሄዱብኛል።