ወንዝ የወረደው ባል

በእኛ አገር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ አብዷል። አራተኛ ምክንያት የለም። «አለ» ብለህ ከተከራከርህ ደግሞ ሦስተኛው አንተ ነህ ማለት ነው… እኔ አለ ብዬ ነበር። የደረሰብኝን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

የምኖረው ወገዳ ነው፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ እናትነሽ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ገጠር ዘመድ ኖሮህ ከተማ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ካለህ፣ ቤቱ የኔ ነው ብለህ እንዳትሳሳት። ሳሎኑ የዘመድ ነው። የታመመው ለሕክምና፣ የተካሰሰው ለፍርድ ቤት፣ በግ የሚሸጠው ለገበያ ይመጣል። ምንም ጉዳይ የሌለው ደግሞ «እንዲያው ናፍቃችሁኝ» ብሎ ይመጣል። ከሁሉም የሚከፋው ይኸኛው ነው። የታመመው ይድናል፣ የተካሰሰው ይፈረድለታል ወይም ይፈረድበታል፤ ናፍቆት ግን ውሳኔ አያገኝም።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ኋላ ብረት ነው ይባላል። እኛ ቤት ብረቱም ዝጓል። የእናትነሽ አጎት ለጥርስ ሕመም መጥተው፣ ጥርሱ ከተነቀለ ስንት ገበያ አልፎ፣ እሳቸው አሁንም «ድዱ እስኪጠና» እያሉ አሉ። እኔና እናትነሽ መኝታ ቤታችን ገብተን እንኳ የምናወራው በሹክሹክታ ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ አጎት ደግሞ የታመሙት ጥርሳቸውን እንጂ ጆሯቸውን አይደለም።

እንዲህ ባለው ኑሮ መካከል ነው ሀብታሙ የሚባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየኝ። አንድ ፈረንጅ ታንኳ እየቀዘፈ ወንዝ ይወርዳል። ዳር ይደርስና ትንሽ ድንኳን ይተክላል፤ ዓሣ ይጠብሳል፤ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ወዲህ ማዶ ሰው የለም። ወዲያ ማዶም ሰው የለም።

«ቤት የለውም?» አልሁት።

«አለው።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። ካምፒንግ ይባላል፤ ሰላም ፈልጎ ነው።»

እመነኝ፣ ዓሣውን አላየሁትም። እኔ ያየሁት ባዶውን ማዶ ነው። ደጋግሜ ከፍቼ አየሁት። አንድ ሌሊት ብቻ፣ ማንም የማያስልበት፣ ማንም «መብራቱን አጥፉት እንጂ» የማይልበት አንድ ሌሊት እንዴት እንደተመኘሁ ልነግርህ አልችልም። ሀብታሙም የአጎቱ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣለት ብርቱካንማ ድንኳን ነበረውና አዋሰኝ።

ለእናትነሽ ስነግራት ለእንግዶች እጅ ታስታጥብ ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ብዙ አየችኝና «ሂድ» አለችኝ። በቃ፣ «ሂድ» ብቻ። ባለትዳር ከሆንህ ይህች «ሂድ» ምን እንደምትሸከም ታውቃለህ። እኔ ግን ካርታ ማንበብ እንጂ ፊት ማንበብ አልተማርሁም፤ ተፈቀደልኝ ብዬ ዕቃዬን ሸከፍሁ።

ታንኳ አልነበረኝም፤ እግር ነበረኝ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ወደ በሽሎ ከሚገቡት ወንዞች ወደ አንዱ ቁልቁል ወረድሁ። ቁልቁለቱን ለተማሪ ሰሌዳ ላይ ስስለው አንዲት መስመር ናት። በጉልበት ሲወርዱት ግን… ተወው። ፀሐይ ጠንከር ስትል ደረስሁ። ውኃው ጥርት ያለ፣ ዳሩ ጠጠር፣ ከላዩ አንድ ትልቅ ሾላ። ተቀመጥሁ። ማንም «እንዴት አደርህ» አላለኝም። ደስ አለኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ደስ አለኝ።

ድንኳኑን ለመትከል ብዙ ታገልሁ። በቪዲዮው ፈረንጁ አንድ ጊዜ ሲያራግፈው ቆሞ ነበር፤ የኔው ቆመ ስል ይተኛል፣ ተኛ ስል አንድ ጎኑ ይነሣል። በመጨረሻ ግማሽ ልብ ይዞ ቆመልኝ። ጭራሮ ሰብሬ እሳት አነደድሁና ሽሮዬን ጣድሁ። ልክ ያኔ በሬዎቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። አያ ሙጬ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከገደሉ አናት ነው። ሰላምታ ተለዋወጥንና ድንኳኔን ዞረው አዩት።

«የለቅሶ ነው ወይስ የሰርግ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እዚህ ድንኳን የሚተከለው ለሁለቱ ብቻ ነው።

«ለማደሪያ ነው» አልኋቸው።

«ወንዙ አላሻግር ብሎህ ነው?»

ሁለታችንም ወንዙን አየነው። ከቁርጭምጭሚት አይዘልቅም። «አይደለም» አልሁ።

«ጠበል ፈልቆ ነው?»

«አልፈለቀም።»

«ዘመድ የለህም ልጄ?»

«ኧረ ሞልቶኛል።»

ቤትና ሚስት እንዳለኝም ጠየቁኝ፤ ሁለቱም እንዳሉኝ ነገርኋቸው። በቀዳሚት ሰንበት የሰበርሁትን ጭራሮ አዩ። ድንኳኑን አዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይዞህ» ብለውኝ በሬዎቻቸውን እየነዱ ወጡ። ምን አይዞህ እንደሚያሰኝ አልገባኝም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ወደ ሽሮዬ ዞርሁ።

እሳቱ እየጠፋብኝ ሽሮው ገና ሳይፈላ ተመለሱ። ያሁኑ መምጣታቸው ግን ብቻቸውን አይደለም፤ መምሬ ጥሩነህን፣ ማለትም የደብሩን ቄስ፣ እና ሌላ አንድ ሽማግሌ አስከትለዋል። ሰንበት ነውና ሁሉም ሥራ ፈቶ ነው የተገኘው። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ሽማግሌ ተቀመጥ ተብሎ እምቢ ካለ ነገር ይዟል። መምሬ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ወንዝ ዳር የሚያድር ሰው እሳቸው በዕድሜያቸው የሚያውቁት ሙላት የያዘውን፣ ጠበልተኛውንና የተጣላውን ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ። ሁለቱ ከቀሩ የቀረው አንዱ ነው።

«ልጄ፣ ደም ከሆነ ንገረን። የቤት ነገር ከሆነም ንገረን» አሉኝ። «ሰው ነህ፣ ይደርሳል።»

እኔም የተማርሁትን ሁሉ አወጣሁ። ስለ አእምሮ ዕረፍት፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ንጹሕ አየር ተናገርሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሳበቃ አያ ሙጬ፣ «አየር ወገዳ ላይ አልቋል እንዴ?» አሉ። ሲጨንቀኝ እውነቱን አመጣሁት፤ ቤቴ ሰው በዝቶብኝ ነው አልሁ።

«የማን ዘመዶች ናቸው?» አሉ መምሬ።

«የሁለታችንም… የእሷ ይበዛሉ።»

«እህ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ነገሩ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ የተናገርሁት ሁሉ ሚስቱን ላለማስወቀስ የሚደብቅ ጨዋ ባል አደረገኝ እንጂ አንድም ቃል የሰማኝ የለም። ጭራሽ ወደዱኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸ ነው ብዬ በሆዴ ተቃጠልሁ።

ከተጣላ ሰው ጋር ክርክር የለም፤ እዚያ ጥለውኝ ሊሄዱም አልቻሉም። ጅብ ቢበላኝ የሚሰደበው ጅቡ አይደለም፣ አገሩ ነው። አያ ሙጬ የታገልሁበትን ድንኳን ባንድ እጃቸው ነቅለው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ሽሮዬን ለወንዙ ትቼ ያንን ቁልቁለት ሽቅብ ያዝሁት። ብቻዬን ልሆንበት የቋመጥሁለትን ሌሊት መምሬ ቤት ከቤተሰባቸው፣ ከእንግዶቻቸውና ከጥጆቻቸው ጋር አደርሁ። ከድጡ ወደ ማጡ!

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ወገዳ መንገድ ጀመርን። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ። አንገቴን የደፋሁት ጉልበቴን ስላመመኝ ነው፤ ግን ይህን ማን ይሰማኛል? ያገኘን ሁሉ ይጠይቃል፣ እነሱም «ለእርቅ ነው» ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከተማ ስንደርስ እኔ ከሚስቴ መጣላቴን ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። ሀብታሙ መንገድ ላይ አይቶኝ አፉን በእጁ ያዘ።

ቤት ደረስንና ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆሙ። ሳሎን ያለው ሁሉ ተነሣ፤ አጎትም ጉንጫቸውን ይዘው ወጡ። እናትነሽ ብቅ ስትል በዓይኔ ጠቀስኋት። ሌላ ጊዜ ጥቅሻዬን ካገር ማዶ ታውቀዋለች።

መምሬ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ በደሉን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅን። ስለ ወላዲተ አምላክ ብለሽ ይቅር በይው» አሏት።

«እናትነሽ፣ እውነቱን ንገሪያቸው» አልሁ።

አየችኝ። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ያየችኝን አስተያየት ነው ያየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «እናንተን የሚያህሉ አባቶች ዳገት ወጥታችሁ መጥታችሁ እንዴት እምቢ እላለሁ? ይቅር ብየዋለሁ» አለች።

ሳሎኑ እልል አለ። «ምኑን ነው ይቅር ያልሽኝ?» ብል መምሬ መቋሚያቸውን አነሡብኝ። ይቅር ከተባለ ወዲያ በደል አይቆፈርም፤ ሕጉ ይኸ ነው። ሽማግሌዎቹም የእርቁ ዋስ ሆኑ። ዋስ ደግሞ ቃል አስሮ ብቻ አይሄድም፤ እርቁ መጽናቱን እየመጣ ያያል። ይኸ እየመጣ ማየት ምን እንደሚያስከትል የገባኝ አያ ሙጬ ገብተው ሳሎኔን በዓይናቸው ሲለኩ ነው።

በማግስቱ እናትነሽን ወደ ሥራዋ ሸኘኋት። ሰው ሳይሰማን የምናወራው መንገድ ላይ ብቻ ነው። ሳቅ የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ምን በድዬሽ ነው?» አልኋት።

«‹ሰላም ፈልጌ ነው የወረድሁት› አላልህም?»

«አልሁ።»

«እኔስ?» አለችና ቆመች። «እንግዳው የሁለታችን ነው። ወጡን የምሠራው እኔ፣ የማነጥፈው እኔ፣ እጅ የማስታጥበው እኔ። የሰለቸህ ግን አንተ! አንድ ቀን ‹አንቺስ› ሳትለኝ ሰላሙን ብቻህን ልትበላው ይዘኸው ወረድህ።»

አፈርሁ፤ ከልቤ አፈርሁ። ሽማግሌዎቹን ኩበት ለቃሚ ብያቸው ነበር፤ ለካ ላሟ እዚያው ውላ ነበር፣ ያላየኋት እኔ ነኝ። የተጣላሁትን ጠብ ሳላውቀው ታርቄ መግባቴ ነው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ዋሶቼ ገበያ ቀን አይቀሩም። አያ ሙጬ እርቁን ሊያዩ መጥተው ወገባቸውን ታከሙ። መምሬም እርቁን ሊያዩ መጥተው የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ፤ ማደሪያዋ የት እንደሆነ ልትገምት ትችላለህ። የአጎትም ድድ ገና አልጠናም። ከእንግዳ ልሸሽ ወንዝ ወርጄ፣ ከወንዙ እንግዳ ለቅሜ ወጣሁ።

ድንኳኑ? ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ተተክሏል። ሀብታሙ ድንኳኔን ቢለኝ «እናትነሽን ጠይቃት» አልሁት፤ እስካሁን አልጠየቃትም።

ባለፈው ገበያ ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። እጄ ላይ ማንቆርቆሪያ ነበር። አስታጠብኋቸው፤ መሶቡን አቀረብሁ። መምሬ ግራ ቀኝ አዩና እናትነሽ የት እንዳለች ጠየቁ። በአገጬ ወደ ጓሮ አሳየኋቸው። ድንኳኑን ሲያዩ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቆሙ። እህል ሳይቀምሱ እየተከታተሉ ወጡ፤ እኔም ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ተከተልሁ።

መምሬ ድንኳኑ አፍ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ደግሞ ምን በደለሽ?» አሉ።

ዚፑ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ። «ምንም አልበደለኝም መምሬ» አለች እናትነሽ ከውስጥ። «ወንዝ ወርጄ ነው።»

መምሬ ጌሾውን አዩ፤ እኔን አዩ። «መቼ ትመለሻለሽ?»

«ገበያው ሲበተን» አለችና ዚፑ ተዘጋ።

አያ ሙጬ ወደ እኔ ዞሩ። ማንቆርቆሪያውን አዩ፤ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አይዞህ» አሉኝ። ያሁኑስ ገባኝ። ጠላ ልቀዳ ገባሁ።