የስፔኗ ልጅና የእኛ «እኔን»

እናንተዬ፣ ሰው ሲወድቅ ምን ትላላችሁ? ጥያቄው የሞኝ ይመስላል፤ እዚህ ቶሮንቶ አንድ ክረምት ያሳለፈ ሰው ግን አይስቅብኝም። በዚህ አገር መውደቅ እንደ ዳቦ የዕለት ነው። ቀን የቀለጠው በረዶ ሲያድር መስታወት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙም ሹፌሩም፣ ሽማግሌውም ኮበሌውም እኩል ይንጋለላል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲደናቀፍ፣ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ አፋችን ሳያስፈቅደን «እኔን!» ይላል። እኔን ይድፋኝ፣ በአንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ ነው ነገሩ። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ብሎ የወደቀ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ቢሆንም ይባላል፤ የወደቀውም አቧራውን እያራገፈ «አንተን አይንካህ» ብሎ ይመልሳል። እዚህ ግን «አር ዩ ኦኬ?» ነው። የወደቀው ሰው እግሩ ተሰብሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ «አይም ኦኬ» ይላል። ጠያቂውም ደስ ብሎት ይሄዳል።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ፊደል ቆጠርኩ፣ ዳዊት ደገምኩ፣ ከዚያ ሕይወት ጠራችኝና ሄድኩ። እንዲያው ሳስበው ግን መውደቁ ለሁሉም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከቆመው ሰው አፍ የሚወጣው ቃል ነው። ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ስለ አራሴሊ ላወራችሁ ብዬ ነው።

ሥራዬ ክሊኒንግ ነው። ልጆች እየተገለባበጡ ጂምናስቲክ የሚማሩበት ትልቅ አዳራሽ አለ፤ ከምንኖርበት ከክሬሰንት ታውን በአውቶቡስ ሩቅ አይደለም። እጃቸው እንዳያንሸራትታቸው ነጭ ዱቄት ይቀባሉ። እነሱ ያቦኑታል፣ እኔ እጠርጋለሁ፤ የኔ ቤት ኪራይ ከዚያ ዱቄት ነው የሚወጣው። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሳይመጡ ፀሐይ በላይኞቹ መስኮቶች ስትገባ፣ ዱቄቱ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። አይወጣም፣ አይወርድም። መጥረጊያዬን ተደግፌ ሳየው አዳራሹ ከምድር ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኛል። አራሴሊን መጀመሪያ ያየኋት በዚያ ጉም ውስጥ ነው። ከፍ ባለ አግድም እንጨት ላይ ቆማ፣ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ ዓይኖቿን ጨፍና። መልአክ ነው ብዬ አማተብኩ።

ወርዳ ሳንድዊች ስትገምጥ ተረጋጋሁ።

የስፔን ሰው ናት፤ ልጆቹን ታሠለጥናለች። ስሟ በእነሱ ቋንቋ የሰማይ መሠዊያ ማለት እንደሆነ ነግራኛለች፤ ከዚህ በኋላ እንዴት አድርጌ ተራ ሰው ልበላት? እሷ ግን እኔን «ጊርማ» ትለኛለች፣ እንዲሁ ደረቁን። ጋሼ የለ፣ አቶ የለ። ባለቤቴ ዘነበች ይህ አይዋጥላትም። አንድ ቀን ምሳ ጋብዘናት፣ ዘነበች ሽሮውን እያወጣች፣ «ስሚ ልጄ፣ ይህ ሽበት በከንቱ አልወጣም፤ ጋሽ ግርማ በይ» ብላ ተቆጣቻት። ልጃችን ሳሮን አስተረጎመችላት። አራሴሊ ራሷን ነቀነቀች፣ ሽሮዋን ጨረሰች፣ ስትወጣም «ባይ፣ ጊርማ» አለችኝ።

ታሪኳን ያወቅሁት በምሳ ሰዓት ነው። የእሷም እንግሊዝኛ ሰባራ፣ የእኔም ሰባራ፤ ሁለት ሰባራ ሲገናኝ ደግሞ ከደህናው ይልቅ ይግባባል። የተወለደችው በባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ አባቷ ዓሣ ነጋዴ። ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ የወደቡን የድንጋይ ግንብ ጫፍ ጫፉን እየረገጠች ትሄድ ነበር አሉ። እናቷ «ሳትማር ከምትወድቅ ተምራ ትውደቅ» ብላ ጂምናስቲክ ቤት አስገባቻት። ከዚያ በልጅነቷ ሻንጣ ይዛ ወደ ትልቁ ከተማ፣ ከዚያ የአገሯን ቀይ ልብስ ለብሳ ወደ ዓለም። ዓለምን ዞራለች ነው የምላችሁ። ቶኪዮ እንዴት ነው ብላት፣ «አዳራሹ ይበርዳል» አለችኝ። ፓሪስስ? «የአዳራሹ ጣሪያ ሩቅ ነው።» ልጅነቷን ሁሉ በአውሮፕላን ሄዳ ያየችው ጣሪያ ነው። እኔም ቶሮንቶን ያየሁት በወለሏ በኩል ነውና አልፈረድኩባትም።

ከሁሉ የምትወደው ያንን እንጨት ነበር፤ ቢም ይሉታል። ከፍታው እስከ ደረቴ፣ ወርዱ አንድ ጋት። በእሱ ላይ ቆመው ምንም ሳያዩ ወደ ኋላ ተገልብጠው እንደገና በእግራቸው ያገኙታል። እንጨቱ እዚያው እንዳለ ማመን ብቻ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ከሃይማኖት ጉዳይ አልለየሁትም። አራሴሊም ስታምነው ኖረች፤ በገዛ አገሯ፣ እናቷ ከፊት ተቀምጣ እያየቻት፣ በትልቅ ውድድር ቀን እንጨቱን አጣችው። ወደቀች፣ ተነሣች፣ ጨረሰች። ያን መገልበጥ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሠርታው አታውቅም። ብቻዋን ስትሆን እንደ ወፍ ነው። አንድ ዓይን ካረፈባት እግሯ እምቢ ይላል።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ፊት ልሥራው፤ ከዚያ በሰላም እተወዋለሁ» አለችኝ። አዋቂም ልጅም የሚገባበት አንድ ትንሽ ውድድር ስካርቦሮ በኩል ሊደረግ ነው፤ ተመዘገበች። አብረዋት የሚወዳደሩት ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ በጠዋት ጸሎቴ አስገባኋት። የክርስትና ስሟን ስለማላውቅ «ያቺን የስፔኗን» እላለሁ፤ ለእግዚአብሔር አድራሻ አይጠፋውም።

አንድ ቀን ታዲያ መጥረጊያዬን ከእጄ ወሰደችና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። «ሕዝብ ሁንልኝ» አለች። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሁን ተብያለሁ፤ ሕዝብ ሁን የተባልኩት ያን ቀን ነው። ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሕዝብ ሆንኩ። ወጣች። ቆመች። ቆየች። ገና ልትገለበጥ ስትል አንድ እግሯ ተንገዳገደ፤ አፌ አላስፈቀደኝም።

«እኔን!»

ያ ሁሉ ባዶ አዳራሽ አስተጋባው። ደንግጣ ዞር አለች፣ ዱብ አለች። እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አግኝቻለሁና ያዙልኝ፤ ቀድሞ የመጣ «እኔን» ይጥላል።

«ዋት ወዝ ዛት?» አለች ከምንጣፉ ላይ። እኔም ባለችኝ እንግሊዝኛ፣ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ልውደቅ፣ የአገራችን ደንብ ነው አልኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን ታያለች፤ ዱቄቱ በላይዋ ይንሳፈፋል።

«እዚያ ስወድቅ አሠልጣኜ “ድገሚ” አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ሰው “ኦው” አለ። ጋዜጣው “አበቃላት” አለ። ውድቀትሽን ለኔ ስጪኝ ያለኝ የለም።» ተነሣች። «ግን ጊርማ፣ ከወደቅሁ በኋላ በለው። ቆሜ ሳለሁ አትጣለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሥራችን ይኸው ሆነ። እሷ ትወድቃለች፣ እኔ ደንቡን ጠብቄ «እኔን» እላለሁ፣ እሷ ትነሣለች። እየቆየ መውደቁ ቀነሰ፤ በእኔ ፊት መገልበጥ ጀመረች። ግን እኔ ምን ሕዝብ ነኝ? እውነተኛው ሕዝብ በውድድሩ ቀን፣ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ሳሮን በመኪናዋ ይዛን ሄደች። እንደ ደረስን ሕግ አወጣች፦ «ባባ፣ ሰዉ ኳየት ነው የሚሆነው። ኖ እኔን። ፕሮሚስ?» ዘነበችም ከልጇ ጋር ወገነች። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ በፈረንጅ ፊት ብታዋርደን ውርድ ከራሴ!» አለች። ማልኩ። ለጥንቃቄም የአንገት ልብሴን ጫፍ አዘጋጀሁ።

ሕፃናቱ አለፉ፤ አጥንት የላቸውም። ከዚያ አራሴሊ ወጣች። ያንን ቀይ ልብስ ለብሳለች፤ ትከሻው ላይ ነጣ ብሏል። በእንጨቱ ላይ እንደ ውኃ ሄደች፣ ዘለለች፣ ዞረች። ጫፉ ላይ ደርሳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። የመገልበጫዋ ቦታ ነው። ቆመች፣ ቆመች። የአዳራሹ ማሞቂያ ሲያጉረመርም ይሰማል። አባቴ ሆይ፣ እንጨቱን እዚያው አቆይላት አልኩ።

ተገለበጠች። እግሯ የእንጨቱን ጠርዝ ነካ፣ አመለጠው። ወደቀች።

«ኦው» አለ ሕዝቡ፤ ከዚያ ጸጥ። የአንገት ልብሴን እስከ ጉሮሮዬ ጎርሻለሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቷል፣ ግማሹ ከኀዘን ግማሹ ከሱፉ። በዚያ ጸጥታ መሐል ከጎኔ፣

«እኔን! እኔን ይድፋኝ የኔ ልጅ!»

ዘነበች ናት። ብድግ ብላለች፣ ቦርሳዋ ወድቋል፣ ሁለት እጇ ደረቷ ላይ ነው። ዳኞቹ ዞሩ። «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ!» ብላ ሳሮን በጃኬቷ ውስጥ ጠፋች። አራሴሊ ግን ከምንጣፉ ላይ ቀና አለች። ፈለገችን፣ አገኘችን። ሳቀች። የሰባራ እንግሊዝኛዋን ሳቅ ሳይሆን የዚያችን ግንብ ላይ የምትሄድ ልጅ ሳቅ መሰለኝ።

እንደገና ወጣች። እንደገና ጀርባዋን ሰጠች፤ አሁን አልቆየችም። እንዴት ልንገራችሁ? ወደ ኋላ ስትሄድ ጊዜው አብሯት የተንሳፈፈ ይመስለኛል፤ ያ የከሰዓት ዱቄት፣ አይወጣም አይወርድም። ከዚያ ሁለት እግሮቿ አንዱን ጋት አገኙ። እንጨቱ እዚያው ነበር። ሁልጊዜም እዚያው ነበር። እጄን ሳየው ሳሮን ጨብጣው ኖሮ ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

ውጤት ሲነገር የመጨረሻ ወጣች። ሜዳሊያ ያጠለቀችው ሕፃን እንኳ እንደሷ አልሳቀችም።

ስንወጣ ሰማዩ ነጭ ነው፤ ደቃቅ በረዶ ይወርዳል። የአራሴሊን ቦርሳ እኔ ልያዝ ብዬ ተሸክሜ፣ ነገሩን እያሰላሰልኩ፣ ደመና ላይ እንደሚሄድ ሰው ፓርኪንጉን ሳቋርጥ ምድር ከእግሬ ሥር ሸሸች። በጀርባዬ ተዘረርኩ። ወገቤ ጮኸ። ከላይ ነጩ ነገር ዝም ብሎ ይወርዳል።

ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ፤ ከዚያም ያች የባሕር ጠረፍ ልጅ፣ ቃሉን በስፔን ምላሷ እያንከባለለች፣

«እኔን! እኔን፣ ጋሽ ጊርማ!»

መልሱን ታውቁታላችሁ፤ «አንቺን አይንካሽ» ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬያለሁ። ዘነበች ቆማ ትጠብቃለች፣ ሳሮን ትጠብቃለች፣ አራሴሊ እላዬ ላይ ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች። አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ልማዱ አላስፈቀደኝም።

«አይም ኦኬ» አልኩ።