ከሥልጣን በላይ የሆነ ድንጋይ

በሥርዓት የሚተዳደር መሥሪያ ቤት ማየት የሚሻ ሰው ወደ መንዝ ይውጣ። በከተማችን የጓሳ ተራራን ሣር የሚያስጠብቅ አንድ ማኅበር አለ፤ ማኅበሩም አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ማኅተምና አንዲት በቅሎ አለው። ከሦስቱ ሥራ የምትሠራው በቅሎዋ ስለሆነች፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ አንዷለም «በቅሎዋ ከማኅበሩ ሥራ ውጭ አትጫንም» የሚል መመሪያ አውጥተው፣ በማኅተም አጽድቀው፣ ከጋጣው በር ላይ ለጥፈዋል። በቅሎዋ መመሪያውን በራሷ ፈቃድ ጥሳ አታውቅም።

ያስጣሳት ጠባቂዋ ወዳጆ ነው። ጎረቤቱን ጌታነሽን ምጥ ሲይዛት በበቅሎዋ አስቀምጦ ጤና ጣቢያ አደረሳት። በማግስቱ ለዲሲፕሊን ቀረበ።

«ጭነቱ ስንት ነበር?» አሉት አቶ አንዷለም።

«ስንሄድ አንድ፤ ስንመለስ ሁለት።»

«ሁለት?»

«ወንድ ልጅ ተገላገለች፣ ጌታዬ።»

አቶ አንዷለም ጥንቁቅ ሰው ናቸውና «ጥፋቱን አብዝቶ ተመልሷል» ብለው መዘገቡ። ወዳጆ አሥራ አንድ ዓመት የያዘውን ልጓም አስረክቦ ወጣ። አምስት ልጆች አሉት፤ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

የሥራ ውሉ ግን «ክርክር ሲነሣ ሦስት የግልግል ዳኞች ይወስኑ» ይላል። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሽማግሌ መረጡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግሞ አቶ ይሥሐቅን ሰብሳቢ አደረጉ። ሰምተው፣ መርምረው፣ «ስንብቱ ቀርቶ ወዳጆ ወደ ሥራው ይመለስ» ብለው ጻፉ። እዚህ ላይ መነሣት ነበረባቸው። የመንዝ ሽማግሌ ግን ሳያስታርቅ መነሣት አልለመደበትም፤ አንድ መስመር ጨመሩ፦ «አንዷለም ድንጋይ ተሸክሞ ወዳጆን ይቅርታ ይጠይቅ።» ድንጋዩንም ራሳቸው መርጠው ከቢሮው ደጃፍ አስቀመጡለት።

አቶ አንዷለም ወደ ፍርድ ቤት ገሰገሱ። የግፉን ክብደት ዳኛዋ በዓይናቸው እንዲያዩት ድንጋዩን በማኅበሩ በቅሎ አስጭነው ወሰዱት። መዝገብ ቤቱም «ማስረጃ፦ አንድ ድንጋይ፣ ጥቁር» ብሎ ተረከባቸው።

«ውሳኔው ስህተት ነው፤ በሙሉ ይሻርልኝ» አሉ በቀጠሮው ቀን።

«ስህተት ይሁን ትክክል እኛ አናይም» አሉ ዳኛዋ ወይዘሮ የትምወርቅ። «የምናየው ሽማግሌዎቹ ከተሰጣቸው ሥልጣን አልፈው እንደሆነ ነው።»

«አልፈዋል እንጂ! የተከራከረው ማኅበሩ ነው። ድንጋዩ ግን የተጣለው በእኔ በአንዷለም ጫንቃ ላይ ነው። ማኅበሩን ምን አገባው? የግሌ ድንጋይ ነው!»

ክርክሩ ድንቅ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ሳይቀንስ ተቀበለው። «ድንጋዩ የአቶ አንዷለም የግል ጉዳይ ስለሆነ ይህ መስመር ተሰርዟል። ወዳጆ ወደ ሥራው ይመለስ የሚለው ጸንቷል። ማስረጃውን ያቀረበው ሰው ይውሰድ።»

አቶ አንዷለም ግማሹን ስላሸነፉ ለግማሹ ይግባኝ ሊሉ ቆረጡ። በቅሎዋ በቀጠሮው ቀንም ለማኅበሩ ጉዳይ መጥታ ነበር፤ ወዳጆ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ልጓሟን ተረክቦ ቆሟል።

«በል ድንጋዩን ጫንልኝ» አሉት።

«መመሪያው አይፈቅድም፣ ጌታዬ።»

«ሲመጣ ተጭኖ አልነበረም?»

«ሲመጣ የማኅበሩ ማስረጃ ነበር። አሁን የግልዎ መሆኑን አስፈርደዋል። ሁለተኛ መባረር ደግሞ አልችልም።»

«እዚሁ ጥለውት ይሂዱ እንጂ!» አለ አንድ ባለጉዳይ።

«የይግባኝ ማስረጃዬን?»

ሕግ የሚያውቅ ሰው ማስረጃ አይጥልም። ድንጋዩን ጫንቃቸው ላይ አወጡት። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ወዳጆ የሚስባት ባዶዋ በቅሎ ከኋላቸው በእርጋታ ተከተለች። ከተማችን ሲደርሱ ገበያው ደምቆ ነበር፤ ከዳር የተቀመጡት አቶ ይሥሐቅ አዩአቸውና በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«እሰይ ልጄ! ፍርድ ቤት አስገድዶህ ሳይሆን በገዛ ፈቃድህ መጣህ። ወዳጆ፣ ይቅር በለው!»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ወዳጆ።

«እኔ ማስረጃ ነው የተሸከምኩት!» ብለው አቶ አንዷለም ጮኹ፤ ግን ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር ከእልልታው መካከል የሰማቸው የለም።

ሽማግሌዎቹ በዚህኛው ዕርቅ ላይ አንድም ቃል አልጻፉም። ስለዚህ አቶ አንዷለም ዕርቁን ለማሻር እስከ ዛሬ ይግባኝ የሚሉበት ውሳኔ እየፈለጉ ነው፤ ማስረጃው ግን በእጃቸው አለ።