ከነአባታቸው ሞክሼ

(ፀጉር ቤት። ሰፈሩ «ሁሉ አወቅ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ የሚስቱን ወንድም አስቀምጦ ይቆርጠዋል። የዋርሳው ጉንጭ በጥርስ ሕመም እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ሁሉ አወቅ ቅዳሜ ልጁን ይድራል፤ ለአማቾቹም ዝነኛውን ዘፋኝ አመጣላችኋለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ዘፋኙ ከቀረ ሰፈሩ እሱን ያለ ምላጭ ይላጨዋል።)

ሁሉ አወቅ፦ ስንቴ ልንገርህ? ዘፋኙ ሌላ፣ የጥርስ ሐኪሙ ሌላ። ከነአባታቸው ሞክሼ ናቸው እንጂ አንድ ሰው አይደሉም። አንዱ በጉሮሮው፣ አንዱ በጉጠቱ ነው ስሙን ያስጠራው።

ዋርሳ፦ ኳስ ሲጫወት ያየሁትስ?

ሁሉ አወቅ፦ እሱ ግብ ጠባቂው ነው። እሱም ሞክሼያቸው ነው፤ ከስሙ በቀር የያዘው ነገር የለም።

ዋርሳ፦ እና አንድ ሰው ሦስት ሥራ ይዞ...

ሁሉ አወቅ፦ (መቀሱን አንስቶ) ሦስት ሰው፣ አንድ ስም! የዘፋኙንና የሐኪሙን ፀጉር የምቆርጠው እኔ፣ ስልካቸው ያለው እኔ ጋ። የሐኪሙን ላንተ ሰጠሁህ፤ ለዘፋኙ ራሴ ደወልኩ። ምኑ ነው የሚያደናግርህ?

ዋርሳ፦ ሐኪሙ ነዋ ጋሼ። «ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛ አለኝ» ስለው ደስ አለው።

ሁሉ አወቅ፦ ደስ አለው?

ዋርሳ፦ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ» አለ። ቅዳሜ ቤትህ ድረስ እመጣለሁ ብሎ፣ ድምፅ ማጉያ አላችሁ ወይ አለኝ። የራሴ ጩኸት ይበቃል አልኩት።

ሁሉ አወቅ፦ (እየሳቀ) አንተ ደነዝ፣ ሐኪም ድምፅ ማጉያ ምን ያደርግለታል?

ዋርሳ፦ እኔ ምን አውቄ። ጓደኞቼንም ይዤ እመጣለሁ ሲል፣ ነርሶቹ መስለውኝ «አጥብቀው የሚይዙ ይሁኑ» አልኩት። ያንተውስ?

ሁሉ አወቅ፦ የኔማ ጨዋ ነው። ስሙን ከነአባቱ ጠርቼ «እርስዎ ነዎት?» ስለው «አዎ ነኝ» አለ። ድምፁ ትንሽ ወፍሯል፤ ጉንፋን ይሆናል። «የፊተኞቹን ነው የኋለኞቹን?» አለኝ። መቼም ዘፈን ማለት የፊተኞቹ ናቸው፤ «የፊተኞቹን፣ ሁሉንም» አልኩት።

ዋርሳ፦ ምን አለ?

ሁሉ አወቅ፦ ደነገጠ። «ሁሉንም በአንድ ቀን?» አለ። ትሑት ነው። «ላደንዝዝ?» ሲለኝማ፣ «እንግዳውን ሁሉ ያደንዝዙልኝ፤ አፋችንን ከፍተን ነው የምንጠብቅዎት» አልኩት።

ዋርሳ፦ (ጉንጩን ይዞ) አፋችሁን ከፍታችሁ?

ሁሉ አወቅ፦ አዎ፣ አፋችንን... (መቀሱ አየር ላይ ቀረ። ስልኩን አውጥቶ አየ፤ ሁለቱንም ቁጥሮች የያዛቸው በአንድ ስም ነው።) ዋርሳዬ፣ የጥርስ ሐኪሙን ሠርግ ጠርቼዋለሁ።

ዋርሳ፦ የኔውስ?

ሁሉ አወቅ፦ ያንተውማ ዘፋኙ ነው። ቶሎ ደውልና ወደ አዳራሹ ና በለው።

ዋርሳ፦ አይገኝም። እስከ ቅዳሜ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ነኝ፣ ከዚያ ቀጥታ አንተ ቤት ነኝ ብሏል። (ፎጣውን ከአንገቱ እየፈታ) በቃ፣ ሠርጉ ወደ እኔ ቤት ይምጣ። ሐኪሙም ይምጣ፤ በዚያው ያየኛል።

ሁሉ አወቅ፦ ለአማቾቼ ምን እላለሁ?

ዋርሳ፦ «የሚስቴ ወንድም ደነዝ ስለሆነ ነው» በላቸው። ያምኑሃል።

ሁሉ አወቅ፦ አንተስ?

ዋርሳ፦ እኔማ የቤቱ ጌታ ነኝ፤ ከአማቾችህ ጎን እቀመጣለሁ። አንተ በር ላይ ቆመህ እንግዳ ታስገባለህ። (ግማሽ ራሱ እንደተቆረጠ ወጣ፤ ከደጅ መለስ ብሎ) ስም ግን አትጠይቅ ጋሼ፤ ዝም ብለህ አስገባ።